የጅማ መምህራን ዕቅድ ስንለዋወጥ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም

ሥራው ተጀምሯል። በጅማ ከተማና በዙሪያዋ የምናስተምር ጥቂት የሁለተኛ ደረጃ መምህራን የዕለት ትምህርት ዕቅዶቻችንን የምንለዋወጥበት የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተናል። ለጊዜው ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ሒሳብ ይበቁናል። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ሌላ ከተማ ያለ መምህር እንዲህ ያለ ነገር ልጀምር ቢል መንገዱን እንዲያየው ነው።

የዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ መጽሐፍ የትም ብትሄዱ አንድ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ስንት መምህር ስለ አንዲት ርዕስ ቁጭ ብሎ ዕቅድ ይጽፋል! ሁሉም ለየብቻው፣ ማታ፣ ደክሞት። የጻፈውን የዲፓርትመንት ኃላፊው አይቶ ይፈርምበታል፣ ከዚያ ፋይል ውስጥ ይገባል። ጎረቤት ትምህርት ቤት ያለው መምህር አያየውም። አንዳንዴ እዚያው ስታፍ ክፍል አጠገቡ የሚቀመጠውም አያየውም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ ደግሞ የድሮው ዕቅድ ብዙም ስለማይረዳ ልፋቱ ጨምሯል።

ቴሌግራምን የመረጥነው ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ ስላለው ነው። ትልቅ ፋይል ይችላል። ግሩፑን በየትምህርቱ በቶፒክ መክፈል ይቻላል። የድሮ መልእክት ፈልጎ ማግኘትም አያስቸግርም። የፋይል ስም ላይ ግን ጥብቅ ሆነናል። መጀመሪያ ክፍል፣ ቀጥሎ የትምህርቱ ስም፣ ከዚያ ምዕራፍ፣ መጨረሻ ላይ ርዕስ። «ዕቅድ አዲስ የመጨረሻ» የሚል ፋይል የላከ ሰው ስሙን አስተካክሎ እንዲልክ በትህትና ይጠየቃል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ዓመቱ አጋማሽ ላይ አንድ ርዕስ የሚፈልግ ሰው ግን የሚተማመነው በዚህ ነው።

መስከረም መጨረሻ

የመጀመሪያዎቹ ዕቅዶች ገቡ። ግማሾቹ በእጅ ተጽፈው በስልክ ፎቶ የተነሱ ናቸው። ጽሑፉ እስከተነበበ ድረስ ችግር የለውም፤ በብርሃን አንሱት ብለናል። ያስቸገሩን በድሮዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞች የተተየቡት ናቸው። ፊደላቸው ዩኒኮድ ስላልሆነ ስልክ ላይ ሲከፈቱ የማይነበብ የምልክት ጥርቅም ይሆናሉ። መፍትሔው ያንን ፋይል ጸሐፊው ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ፒዲኤፍ አድርጎ መላክ ነው። ዎርዱ በዩኒኮድ ከተጻፈ ሁለቱንም እንለጥፋለን። ፒዲኤፉ ለማንበብ፣ ዎርዱ ለማሻሻል።

ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። ዕቅዶቹን አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ብዙዎቹ ለፊርማ የተጻፉ ናቸው። ዓላማው ላይ «ተማሪዎች ኦስሞሲስን ይገነዘባሉ» ይላል፤ ኦስሞሲስ ውሃ በስስ ሽፋን አልፎ ጨው ወይም ስኳር ወደበዛበት ወገን መሄዱ ነው። የመምህሩ ተግባር «ማብራራት»፣ የተማሪው ተግባር «ማዳመጥና ማስታወሻ መያዝ»፣ ምዘናው «የቃል ጥያቄ»። ምን ብዬ ልጠይቅ? ተማሪው ምን ሊመልስ ይችላል? የት ላይ ይሳሳታል? አይነግረኝም። ይህን ይዞ ክፍል የሚገባ መምህር ከመጽሐፉ የተለየ ነገር በእጁ የለም።

ሁላችንም የምንሞላው ፎርም መጨረሻ ላይ «ምርመራ» የሚል ዓምድ አለ። ሁልጊዜ ባዶ ነው። ከክፍል በኋላ የሚሞላ ስለሆነ ማንም አይመለስበትም፤ ፊርማው ቀድሞ አልፏል። እኔ ግን ለሌላ መምህር ከዕቅዱ ሁሉ ውዱ ክፍል ይህ ዓምድ ነው ባይ ነኝ። ግሩፑ ላይ ሐሳቡን አቀረብኩ። ዕቅድ ስትልኩ ምርመራው ተሞልቶ ይምጣ። የቱ ጋ ጊዜ አለቀ፣ የትኛው ጥያቄ ሠራ፣ ተማሪዎች ምን አሉ። አንዳንዶች ተጨማሪ ሥራ ነው ብለው አልወደዱትም። እንሞክረው ተባብለን ተለያየን።

ጥቅምት መጀመሪያ

ውጭ ያሉ መምህራን እንዴት እንደሚለዋወጡ ለማየት ጥቂት ማታዎችን ኢንተርኔት ላይ አሳለፍኩ። ብዙ ነገር አለ። ኦ.ኢ.አር. ኮመንስ የሚባለው ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነፃ የማስተማሪያ ጽሑፎችን የሚያሰባስብ ገጽ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. አንድ የኒውዮርክ መምህር የጀመረው ቲቸርስ ፔይ ቲቸርስ ደግሞ መምህራን ዕቅዳቸውን የሚሸጡበት ነው። ለእኛ ኪስ አይሆንም። ገዝቶ ግሩፕ ላይ መበተንም አይፈቀድም፤ አንድ መምህር ሲገዛ ለራሱ ክፍል ብቻ ነው።

ለእኛ በጣም የሚጠቅመው ሆኖ ያገኘሁት ፌት (PhET) ነው። የፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን በ2002 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር የጀመረው ሥራ ነው። የሳይንስና የሒሳብ ሲሙሌሽኖች፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ የሚታዩ አስመሳይ ሙከራዎች አሉት፣ በነፃ። ከእያንዳንዱ ሲሙሌሽን ሥር ደግሞ ከተለያየ ዓለም ያሉ መምህራን የላኳቸው የትምህርት ዕቅዶች ተደርድረዋል። በመምህርነት መመዝገብ ይጠይቃል እንጂ ክፍያ የለውም። ሲሙሌሽኑን አንዴ ካወረዱት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። መብራትና ኔትወርክ ሲመጣ ሲሄድ ለምንውለው ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ፈቃድ ግሩፑ ላይ ክርክር ተነሣ። «ኢንተርኔት ላይ ካለ ለሁሉም ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም። ብዙ ነፃ ዕቅዶች የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ አላቸው፣ ፈቃዱም ዓይነት ዓይነት ነው። «ባይ» (BY) ካለ የጸሐፊውን ስም ጠቅሰህ ተጠቀም፣ ቀይር፣ አሰራጭ ማለት ነው። «ኤንሲ» ካለበት ለንግድ አይሆንም። «ኤስኤ» ካለበት ያሻሻልከውን በዚያው ፈቃድ ታወጣዋለህ። «ኤንዲ» ካለበት ግን እንዳለ ማሰራጨት እንጂ ቀይሮ ማሰራጨት አይቻልም፤ መተርጎምም እንደ መቀየር ይቆጠራል። የእኛ ሥራ ሁሉ መቀየር ስለሆነ «ኤንዲ» ያለበትን ትተነዋል። የራሳችንንም ዕቅዶች «ባይ» ብለን ለማውጣት ተስማማን። የጻፈው ሰው ስም ከዕቅዱ አናት ላይ ይቀመጣል። የለፋ ሰው ስሙ ሊጠራለት ይገባል፤ እኔ በዚህ አልደራደርም።

ጥቅምት አጋማሽ፦ ድንቹ

ከውጭ ዕቅድ ወስደን ወደ ራሳችን ክፍል ያመጣነው የመጀመሪያው ኦስሞሲስ ነው። ዕቅዱ እንቁላል ይጠይቃል። እንቁላሉ አቼቶ ውስጥ ያድራል፣ ቅርፊቱ ይሟሟል፣ ስስ ሽፋኑ ብቻ ይቀራል። ከዚያ ውሃ ውስጥ ሲገባ ያብጣል፣ ወፍራም የስኳር ውሃ ውስጥ ሲገባ ይሟሽሻል። በዲጂታል ሚዛን እየተመዘነ። ግሩም ሙከራ ነው። ግን ከስልሳ የሚበልጥ ተማሪ ላለው ክፍል በየቡድኑ እንቁላል ማን ይገዛል? ሚዛኑስ ከየት ይመጣል?

በድንች ቀየርነው። ድንች ተልጦ እኩል አምስት አምስት ሴንቲ ሜትር ሆኖ በቀጫጭኑ ይቆረጣል። ሁለት የሃይላንድ ላስቲክ በግማሹ ተቆርጦ እንደ ብርጭቆ ያገለግላል። አንዱ ውስጥ ንጹሕ ውሃ፣ ሌላው ውስጥ ጨው በደንብ የበዛበት ውሃ። ሚዛኑን ማስመሪያ ተካው። ደግሞም ከማስመሪያው በላይ ጣት ይናገራል። ጨው ውሃ ውስጥ የቆየው ድንች ሲይዙት ልፍስፍስ ብሎ ይታጠፋል። ንጹሕ ውሃ ውስጥ የነበረው ጠንክሮ ቀጭ ይላል። አንድ ተማሪ ሁለቱን በእጁ ከያዘ በኋላ ብዙ ማብራራት አያስፈልግም።

የከበደን ጊዜው ነው። ክፍለ ጊዜው አርባ ደቂቃ ነው። ስም ተጠርቶ፣ ቡድን ተይዞ፣ ድንች ተቆርጦ የሚቀረው አይበቃም። ለውጡ በደንብ እንዲታይ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ መቆየት አለበት። ስለዚህ አንድ ስብስብ ጠዋት ከትምህርት በፊት ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ተማሪዎቹ የራሳቸውን ይጀምራሉ፣ ውጤቱን የሚያዩት ግን ጠዋት በተዘጋጀው ላይ ነው። የራሳቸውን በዕረፍት ሰዓት መጥተው ያያሉ። ይህን ያመጣችው አንዲት የኬሚስትሪ መምህርት ናት፤ ዕቅዱ ላይ ስሟ ሰፍሯል።

ምርመራው ዓምድ ላይ የገባው ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። በየትምህርት ቤቱ የሞከርን ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ጻፍን። «ለምን ለሰለሰ?» ሲባሉ ብዙዎቹ «ጨው ገብቶበት» ይላሉ። «ውሃ ወጥቶበት» የሚል ጥቂት ነው። ይህ የአንድ ክፍል ስንፍና አይደለም፣ በየክፍሉ የሚመጣ አስተሳሰብ ነው። ስለዚህ ዕቅዱን ዳግም ስንጽፍ እዚያው ቦታ ላይ ጥያቄ ጨመርን፦ «እናታችሁ ቋንጣ ስትሠራ ሥጋው ላይ ጨው ከነሰነሰች በኋላ ሳህኑ ላይ የሚጠራቀመው ፈሳሽ ከየት መጣ?» ይህን ሁሉም ቤቱ አይቶታል። ከዚህ በኋላ ወደ ድንቹ ሲመለሱ ራሳቸው ያርሙታል።

አሁን ያ ዕቅድ ከፊርማ ወረቀት አልፏል። የማያውቀው መምህር አንስቶ ነገ ጠዋት ሊያስተምርበት ይችላል።

ኅዳር

የቡና ለቀማ ወቅት ነው። ከገጠር የሚመጡ ተማሪዎች ይጎድላሉ። ቤተሰብ እጅ ይፈልጋል፣ መቆጣት አይረዳም። ግሩፑ ላይ አንድ ሐሳብ መጣ። የዚህን ወር ዕቅዶች እንደ ሰንሰለት አናያይዛቸው፤ እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ በራሱ ይቁም። ሁለት ቀን የቀረ ልጅ ሲመጣ ባዶ እንዳይሆን። ከእያንዳንዱ ዕቅድ ጋርም የቀረው ተማሪ ብቻውን የሚሠራት አንዲት ገጽ ትሄዳለች። እኔ በግሌ ይህን ዓመቱን ሙሉ ልቀጥልበት ነው።

የሥነ ምህዳር ዕቅድ ከውጭ ያገኘነው ስለ ኦክ ዛፍና ስለ ሽኮኮ ነበር። ያንን ሙሉ በሙሉ ጥለን ቡናውን አስገባን። ከላይ ዋንዛና ብሳና ጥላ ሆነው፣ ከሥር ቡና፣ ቅርንጫፉ ላይ ጉሬዛ፣ አበባው ላይ ንብ፣ መሬት ላይ የሚበሰብስ ቅጠል። የምግብ ሰንሰለቱን ተማሪዎቹ ራሳቸው ሳሉት። ከከተማው ላሉት ደግሞ የቦዬ ረግረግ አለ። ጉማሬ ያለበት ውሃ ከከተማ ሳንወጣ! ዳሩ ላይ ከብት ይግጣል፣ ለጡብ ጭቃ ይወጣል፣ ባህር ዛፍ ይተከላል። «ሰው ረግረጉን ምን አደረገው?» የሚለውን ጥያቄ ከመጽሐፍ መቅዳት አይቻልም። ሄደው ያዩ ልጆች ይዘውት የሚመጡት ሌላ ነው።

ከዚህ ወር ዕቅዶች እኔ አብልጬ የምወደው ግን የግብርና ትምህርት ያጠና አንድ የባዮሎጂ መምህር የላከው ነው። ስለ ልዩነትና ምርጫ ነው፤ በአንድ ዝርያ ውስጥ ያሉት እንዴት እንደሚለያዩና ከእነሱ የትኞቹ እንደሚቀሩ። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። ፈንገስ ነው፣ እሸት ፍሬውን አጥቁሮ ያበሰብሰዋል። ተመራማሪዎች በሽታው በጠናባቸው ቦታዎች እየዞሩ ጤነኛ ሆነው የቆዩ እናት ዛፎችን ፈለጉ። ዘራቸውን ሰብስበው ፈተኑ። ጅማ አጠገብ መልኮ ካለው የምርምር ማዕከል የወጡት 74110፣ 74112፣ 74165 የሚባሉት ዝርያዎች የመጡት ከዚህ ነው። መጀመሪያ ያሉት ሁለት ቁጥሮች የተመረጡበትን 1974 እ.ኤ.አ. ያሳያሉ። የገበሬ ልጆች እነዚህን ቁጥሮች ከእኔ ቀድመው ያውቋቸዋል። ችግኝ ሲገዛ ሰምተዋላ!

ምርመራ ላይ የተጻፈው፦ ብዙ ተማሪ «ቡናው በሽታውን ስለተለማመደ ቻለው» ይላል። መምህሩ ያስቀመጠው ጥያቄ ግሩም ነው። «በሽታው ከመምጣቱ በፊት እነዚያ ዛፎች ከሌሎቹ ይለዩ ነበር ወይስ አይለዩም?» ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ይከራከራል። መልሱን ቶሎ አትንገሩ ይላል ማስታወሻው፤ ዐሥር ደቂቃ ስጧቸው። እኔም ሰጥቼ አየሁት። እውነትም የሚያዋጣው ይህ ነው።

ታኅሣሥ

ፊዚክስ ላይ የፌትን «ኢነርጂ ስኬት ፓርክ» ወሰድን። አንድ ልጅ በተጠማዘዘ ሜዳ ላይ ሲንሸራተት ጉልበቱ ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ ሲለወጥ ያሳያል። ከሥሩ ያለው ዕቅድ እያንዳንዱ ተማሪ ኮምፒውተር አለው ብሎ ይነሣል። እኛ ያለን አንድ ላፕቶፕና ተራ የሚያዝለት ፕሮጀክተር ነው። የፊዚክሱ ባልደረባዬ እንዲህ ቀየረው። መምህሩ ከማስነሳቱ በፊት ያቆማል። ተማሪዎች የሚሆነውን ደብተራቸው ላይ ይገምታሉ፣ ለጎረቤታቸው ያሳያሉ፣ ከዚያ ይታያል። መብራት ከጠፋ ደግሞ በሰሌዳ የሚሠራ ሥዕል ከዕቅዱ ጋር ተያይዟል። አሁን በአንድ ማሽን የሚሠራ ዕቅድ ሁሉ «መብራት ከሌለ» የሚል መስመር እንዲኖረው ደንብ አውጥተናል።

ከዚያ ዕቅዱ ወደ ግልገል ጊቤ የኃይል ማመንጫዎች ይሄዳል። አንደኛው ግድብ 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ያው ውሃ 26 ኪሎ ሜትር በሚሆን ዋሻ አልፎ ግልገል ጊቤ ሁለትን ያንቀሳቅሳል፣ እሱ 420 ሜጋ ዋት ነው። ጥያቄው፦ «ውሃው ያው ከሆነ ሁለተኛው ለምን በለጠ?» አንዳንዱ ተማሪ ተርባይኑ ትልቅ ስለሆነ ነው ይላል። ውሃው የሚወርድበት ከፍታ ስለሚበልጥ መሆኑ ላይ ሲደርሱ ክብደትን በከፍታ የሚያባዛው ቀመር ሕይወት ያገኛል።

ሒሳብ ላይ ደግሞ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ መምህር አሉ። ስልክ ላይ መጻፍ አይወዱም። የጅማን በርጩማ ይዘው ክፍል ገቡ፣ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለውን ባለ ሦስት እግሩን። አጠገቡ ባለ አራት እግር ወንበር አስቀመጡ። ወለሉ ጎርበጥባጣ ነው። ወንበሩ ይንገዳገዳል፣ በርጩማው አይንቀሳቀስም። በአንድ መስመር ላይ ያልሆኑ ሦስት ነጥቦች አንድ ጠለል (ጠፍጣፋ ገጽ) ብቻ ይወስናሉ የሚለው ከዚያ ተነሣ። ይህን ሁሉ በድምፅ መልእክት ላኩልን። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ወጣቷ የሒሳብ መምህርት አዳምጣ ወደ ጽሑፍ ቀየረችውና «ጋሼ፣ ይመልከቱልኝ፣ የቀረ ነገር አለ?» ብላ ለጠፈችው። እሳቸውም «ልጄ፣ ተማሪው ራሱ ወንበሩን ይነቅንቅ፣ አንቺ አትነቅንቂ» ብለው መለሱ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ዕቅዱ ላይ እንዳለች አለች።

ይህ ለእኔ መንገድ ከፈተልኝ። እስካሁን ግሩፑ ውስጥ የሚወስደው ብዙ ነው፣ የሚሰጠው ጥቂት። ሰው ንፉግ ሆኖ አይደለም። ሙሉ ዕቅድ አስተካክሎ ማውጣት ጊዜ ይበላል፣ «ምን ይሉኝ ይሆን» የሚል ፍርሃትም አለ። አሁን የምንለው ይህ ነው፦ ዕቅድ ባይኖርህም የሌላ ሰው ዕቅድ ይዘህ ካስተማርክ ከክፍል ስትወጣ አንድ ደቂቃ ተናገር። የሠራውን፣ ያልሠራውን፣ ተማሪ ያለውን። ዝም ብለው ያነቡ የነበሩ ሰዎች መናገር ጀመሩ። ድምፁን በተራ እየጻፍን ከዕቅዱ ምርመራ ዓምድ ሥር እናስገባለን። የተማሪ ስም አይጠራም፣ የተማሪ ፊት ያለበት ፎቶም አይለጠፍም። ደብተር፣ ሰሌዳና እጅ ይበቃል።

ጥር

የሴሚስተር ፈተና ነው፣ ግሩፑ ቀዝቅዟል። ይህም ይጠበቃል።

ከአጋሮ ያች የድንች ዕቅድ ተመልሳ መጣች። አንድ መምህር ወስዶ አስተምሮባት አሻሽሏታል። ሦስተኛ ዕቃ ጨምሯል፣ ጨው በትንሹ ያለበት። ተማሪዎች የጨው መጠንና የድንቹን ርዝመት ግራፍ ያወጣሉ። ከሱ ክፍል የመጣ አዲስ ነገርም አለ። ትንሽ ጨው ባለበት ዕቃ ውስጥ ያለው ድንች ርዝመቱ ሳይለወጥ ሲቀር ተማሪዎች «ሙከራው ተበላሽቷል» አሉ። እሱም አላረማቸውም። «ካልተበላሸስ ምን ማለት ነው?» አላቸው። ወደ ውስጥ የሚገባውና የሚወጣው ውሃ እኩል ሲሆን ምን እንደሚታይ ከዚያ ደረሱበት። እኛ ጅማ ሆነን ይህን አላሰብነውም ነበር። የኬሚስትሪዋ መምህርት ስም ከላይ አለ፣ የሱም ከሥሯ ገብቷል።

አንድ ሱፐርቫይዘር የግሩፑን ዕቅድ ይዞ የገባ መምህር አግኝተው «ይህ የራስህ ነው?» ብለው ጠይቀውት ነበር። መምህሩ ከላይ ያሉትን ስሞች አሳየ፣ ከዚያ በራሱ የእጅ ጽሑፍ የሞላውን ምርመራ። ጠያቂው አንብበው ቀጥል አሉት። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። መኮረጅና መጋራት የሚለዩት ወረቀቱ ላይ በሚታይ ነገር ነው፣ እኛም እንዲታይ አድርገን ነው የምንሠራው። ዕቅዱን እንዳለ ገልብጦ ቀን ብቻ የሚቀይር ካለ ግን ግሩፑ አያድነውም።

ለሁለተኛው ሴሚስተር ሦስት ነገር ይዘናል። አንደኛ፣ ከየምዕራፉ የጎደሉትን ርዕሶች ዘርዝረን እንለጥፋለን፤ ሰው የሚችለውን ይውሰድ። ባዮሎጂ ውስጥ የማይክሮስኮፕ ትምህርቶች ባዶ ናቸው፤ ማይክሮስኮፕ የሌለው ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚያስተምራቸው የሞከረ ሰው እየፈለግን ነው። ሁለተኛ፣ ዕቅዶቹን በሙሉ በፍላሽ ገልብጠን ኔትወርክ ለማይደርሳቸው ትምህርት ቤቶች እንልካለን፤ የእነሱን ምርመራ በወረቀት ይዞ የሚመጣ መልእክተኛ ተገኝቷል። ሦስተኛ፣ ቡናው የካቲትና መጋቢት ላይ ዝናብ ሲነካው ያብባል። የአበባና የዘር ትምህርት መጽሐፉ ላይ ያለበትን ቦታ ሳይጠብቅ ወደዚያ ሳምንት እንዲመጣ ከዲፓርትመንት ኃላፊዎች ጋር መነጋገር ጀምረናል። ሁለቱ ፈቅደዋል።

ዕቅድ ያላችሁ ላኩ። ያስተማራችሁበትን ላኩ፣ ምርመራው ተሞልቶ።